ከቀዩ መስመር በላይና በታች

እቴቴ ጨርቅ የምትገዛው ዓይኗን ጨፍና ነው። ባለሱቁ ጣቃውን ዘርግቶ ስለ ቀለሙ ሲለፈልፍ፣ እሷ መዳፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታንሸራትትና «እዚህ ጋ ክር ዘሏል» ትለዋለች። «የታለ?» ይላል፤ መብራት ያበራል፤ መነጽሩን አውጥቶ ይፈልጋል። አለ! አንድም ቀን ተሳስታ አይቼ አላውቅም። አቃቂ በሰቃ ያሉ ጨርቅ ሻጮች ከሩቅ ሲያይዋት «መጣችልህ» ይባባላሉ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚሁ አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። ሥራዋ ቆሞ ማየት ነው። ጨርቁ በፊቷ ያልፋል፤ እንከን ያለበትን በጠመኔ ታከብባለች፤ ንጹሕ የሆነውን ጣቃ ጫፉ ላይ «አልፏል» ብላ ጽፋ ትፈርምበታለች። ከዚያ ሁሉ መቆም የተረፋት የጡረታ ደብተርና አልታጠፍም ያለ ጉልበት ነው።

እቴቴ የምላት በሥጋ ዘመዴ ስለሆነች አይደለም። እናቴ እዚያው ፋብሪካ ሸማኔ ነበረች። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ሞተች። አባት የሚባል ነገር አላውቅም። የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ዘመዶች «ማን ይውሰዳት» እያሉ ሲመካከሩ፣ እቴቴ ደብተሬንና ሁለት ቀሚሴን በፌስታል ጠቅልላ፣ እጄን ይዛ ወጣች። እስከ ዛሬ አልመለሰችኝም።

ሳድግ ደብተሬን ልክ እንደ ጣቃ ነበር የምታገላብጠው። ዘጠና አምስት አምጥቼ ስገባ «አምስቱን የት ጣልሽው?» ትለኛለች። ስምንተኛ ክፍል አንደኛ ወጥቼ ካርዴን ስሰጣት ለመንኳት፤ «በናትሽ እቴቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አልፏል ብለሽ ፈርሚልኝ» አልኳት። ካርዱን ገልብጣ አየችው፤ አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ገና ነሽ» አለች። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። እሷ እቴ፣ ማኩረፌንም ያየች አይመስለኝም!

ካርድ ካልኩ አይቀር፣ የሷን ካርዶች ላስተዋውቃችሁ። ፋብሪካው ውስጥ እያንዳንዱ የሽመና ማሽን የራሱ ካርድ ነበረው። ከላይ የሸማኔዋ ስም፣ ቀጥሎ የተቆጣጣሪዋ ስም ይጻፋል። ከታች ቀኑ፣ በቀን የወጣው ሜትር፣ የተገኘው እንከን ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ ሰፋ ያለ «ምክንያት» የሚባል ዓምድ አለ። ፋብሪካው ኮምፒውተር ሲያስገባ የተረፉት ባዶ ካርዶች ሊቃጠሉ ነው ሲባል እቴቴ አንድ ካርቶን ሙሉ ለምና ወሰደች። ከዚያ ቀደም በደብተር ትጽፈው የነበረውን የአንድ ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋ ቁጭ ብላ ወደ ካርዱ ገለበጠችው። የማሽን ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ የኩባንያውን ስም፣ ሜትር በሚጻፍበት ቦታ ዋጋውን አደረገች።

ኩባንያው ኢንሹራንስ ነው። አክሲዮን እንዳላት ከልጅነቴ አውቃለሁ። ያኔ እንደ አሁኑ የአክሲዮን ገበያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስልክ ከፍቶ የዛሬ ዋጋ ማየት የለም። መሸጥ የፈለገ ገዢ በሰው በሰው ያፈላልጋል፤ አንዳንዴ ኩባንያው ራሱ ጨረታ ያወጣና ውጤቱን ቅርንጫፉ ሰሌዳ ላይ ይለጥፈዋል። እቴቴ ደመወዝ በተቀበለች ሰሞን እኔን አስከትላ ትሄዳለች። ሰሌዳውን ታነባለች፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ ትጠጋና ጥያቄዋን ታወርደዋለች።

«በስንት ሄደ?»

«ሰሌዳው ላይ አለ እማማ።»

«እሱን አየሁት። ስንት ሰው ተጫረተ? ስንት አክሲዮን ነው የተሸጠው? ሰውየው ምን ሆኖ ነው የሸጠው?»

«ምን ሆኖ እንደሸጠ እኛ በምን እናውቃለን?»

«ጠይቁዋ!»

እኔ በሀፍረት ወለሉን አያለሁ። የሚገርመው ግን ሠራተኞቹ ቀስ በቀስ መጠየቅ ጀመሩ። አንዷማ ከመስኮቱ ጀርባ «እትዬ፣ የዛሬው ወራሾች ናቸው፤ ተጣልተው ነው የሸጡት» ብላ ስትጣራ ትዝ ይለኛል። እቴቴ ቤት ስትገባ ጽሕፈቷን አሳምራ ትሞላዋለች። «ወራሾች ተጣልተው በጥድፊያ ሸጡ።» «የተሸጠው ሁለት ብቻ ነው፤ ዋጋ ብሎ መያዝ አያስፈልግም።» «የትርፍ ድርሻ ሊከፈል ትንሽ ሲቀረው ነው፤ የተወደደው ለዚህ ነው።» እኔ እስቅባት ነበር። ጓደኞቼ ፊት እየቀዳሁ አሳቅባቸዋለሁ፤ «ጠይቁዋ!» እያልኩ።

አንድ ቀን ስስቅ ሰማችኝ። አልተቆጣችም። «ዋጋውን ብቻ ብጽፈው ዓመት ቆይቼ ሳየው ምን አውቃለሁ? ረከሰ እላለሁ። እቃው ረክሶ ይሁን ሰዎቹ ተጣልተው፣ ማን ይነግረኛል?» አለችኝ። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

ይህን ሁሉ የማወራው አምና የሠራሁትን ጉድ ለመናገር ነው።

አምና ጉልበቷ ጨርሶ እምቢ አላት። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል አለ፤ ዋጋውንም ነገረን። እሷ ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ጉልበቷ እንዳይወራ ከለከለች። እኔ ቃሊቲ አንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ጠዋት ጠዋት ለእስረኛ ስንቅ ከሚያደርሱ እናቶች ጋር በአንድ ታክሲ ታፍኜ ስሄድ፣ የነሱን ዳገት መውጣት ሳይ እቴቴ ትዝ ትለኛለች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ከመጸዳጃ ቤት በሚያመጣው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጎረቤት የለም፤ መነሳት አቅቷት ስንት ሰዓት እንደቆየች እግዜር ይወቅ። «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» ስላት «ፀሐይ እየሞቅኩ» አለችኝ። ሰማዩ ደመና ነበር። አንጀቴን በላችው።

ያን ሳምንት ወሰንኩ። አክሲዮኑ ይሸጥ!

እንግዲህ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ዲግሪ አለኝ፤ ኤክሴል በእጄ ነው። ከመሸጤ በፊት የዋጋውን ታሪክ ላጥና ብዬ፣ የድሮዎቹን የጨረታ ውጤቶች ከየጋዜጣው ማስታወቂያ፣ የቅርቦቹን ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ለቃቅሜ አስገባሁ። ግራፍ ሠራሁለት። መስመሩ ከሺህ አንድ መቶ ብር ተነሳ፤ ሺህ አራት መቶ፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ ደረሰ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ቁልቁል! ሁለት መቶ ብር ላይ ተፈጠፈጠ። አሁን ያለበት ሁለት መቶ አርባ ነው። ክው አልኩ። ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ «ከስሯል!» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ለምን ወደቀ ብዬ አልጠየቅኩም። የኔ ነገር! ቱግ ማለት ነው እንጂ መጠየቅ አልፈጠረብኝም። ሳያልቅ ይሸጥ አልኩ፤ ዜሮ ሳይገባ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ገላን ኮንዶሚኒየም ከሷ ብሎክ የሚኖር አክሲዮን የሚያሻሽጥ ደላላ አገናኘችኝ። የአክሲዮን ወረቀቷን ፎቶ ላክሁለት፤ ስድሳ አክሲዮን ይላል። «እህቴ፣ ገበያው ሁለት መቶ አርባ ነው። እኔ ግን ለእናታችን ጉልበት ስል ሦስት መቶ እከፍላለሁ» አለኝ። እንባዬ መጣ። ደግ ሰው አለ አሁንም አልኩ። ስድሳ በሦስት መቶ፣ አሥራ ስምንት ሺህ ብር። ለቀዶ ሕክምናው እንኳ አይበቃም፤ ለምርመራና ለመርፌ ግን ይሆናል አልኩ። ከዚያ የሠራሁትን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል፤ ለእቴቴ ሳልነግራት ሁለት ሺህ ብር ቀብድ ተቀበልኩ።

ከሥራ ገብቼ ላፕቶፔን ፊቷ ከፈትኩላት። «እቴቴ፣ ኩባንያሽ አልቆለታል።»

መነጽሯን አደረገች። መስመሩን በጣቷ ተከተለችው። ጣቷ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ገደል ምንድነው?»

«ዋጋው ነዋ። ወደቀ።»

«ምክንያቱስ?»

«ምክንያት ምን ያደርግልሻል? ወደቀ፣ አለቀ!»

«ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለውም እንዴ ይሄ ኮምፒውተርሽ?»

ነደደኝ። «እቴቴ፣ አሁን የካርድ ጊዜ አይደለም! እኔ ስለ ጉልበትሽ ነው የማስበው፣ አንቺ ስለ ዓምድ ታወሪኛለሽ። መቶ ጊዜ ቅርንጫፍ ተመላልሰሽ ምን አተረፍሽ? ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። እሷ መነጽሯን አወለቀች፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ሰውየው መቼ ነው የሚመጣው?» አለች።

«ቅዳሜ ከሰዓት።»

«ይምጣ።»

ተሸነፈች ብዬ ደስም አለኝ፣ ሆዴም ባባ።

ቅዳሜ ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል «እሱን ተወው፣ ያመኛል» አለችው። ተቀመጠ። ስለ ኑሮ ውድነት አወራ፤ ስለ ራሱ እናት አወራ። ከቦርሳው ተተይቦ ያለቀ ውልና የውክልና ወረቀት አወጣና እስኪብርቶውን ከፈተላት። «እማማ፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ። ሰኞ ውልና ማስረጃ በመኪና እወስድዎታለሁ፤ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ።»

እስኪብርቶውን ተቀበለችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች፤ «ካርዶቹ ያሉበትን የብስኩት ቆርቆሮ አምጪልኝ።»

ካርዶቹን አውጥታ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሰውየው ሰዓቱን አየ። እሷ በካርዱ ላይ ጣቷን ከላይ ወደ ታች ታወርዳለች።

«የዛሬው ዋጋ ስንት ነው አልከኝ ልጄ?»

«ገበያው ሁለት መቶ አርባ ነው። እኔ ግን ሦስት መቶ…»

«ባለ ስንቱ?»

«እንዴት ባለ ስንቱ?»

«ባለ ሺህ ብሩ አክሲዮን ነው ባለ መቶው?»

ሰውየው አንገቱን አሸ።

«በመጨረሻ የሄድኩበት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ» አለች፣ እስኪብርቶውን እንደያዘች፣ «ባለ ሺህ ብሩ አክሲዮን አንዱ ለአሥር ይከፈል፣ ባለ መቶ ብር ይሁን ተብሎ ተወሰነ። አቅም ለሌለው ሰው እንዲቀል ነው አሉ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ይሄ የኔ ወረቀት የድሮው ነው፤ ስድሳ የሚለው ባለ ሺውን ነው። መዝገባቸው ላይ ስድስት መቶ አለኝ። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው ሄጄ ያልቀየርኩት። አሁን አንተ የአዲሱን ዋጋ በድሮው ቁጥር አባዝተህ ነው የመጣኸው።»

እኔ በልቤ አባዛሁ። ስድስት መቶ በሁለት መቶ አርባ። መቶ አርባ አራት ሺህ ብር! እኔ በአሥራ ስምንት ሺህ ሸጬዋለሁ፤ ቀብድ በልቻለሁ፤ በዚያ ላይ ደግ ሰው ብዬ አልቅሻለሁ።

«እማማ፣ እኔ እኮ አላወቅኩም፤ የላኩልኝን ወረቀት አይቼ ነው» አለ ሰውየው። እውነቱን ይሁን ውሸቱን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ካላወቅህ ይኸው ዛሬ አወቅህ። ካወቅህም ይኸው እኔ አወቅኩህ» አለችና እስኪብርቶውን ገጥማ መለሰችለት። «ልጄ ቀብድ ተቀብላ እንደሆነ አሁኑኑ ትመልስልሃለች።»

ስለ ቀብዱ ማን ነገራት? ማንም። ፊቴን አይታ ነው። ሁለት ሺውን ቆጥሬ መለስኩለት፤ በሩ ድረስ ሸኘሁት። ብርቱካኑን ግን እቴቴ አስቀረችው።

ተመልሼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የወጣኝ ይቅርታ አይደለም፤ ቁጣ ነው። እኔ እንዲህ ነኝ። «ለምንድነው ያን ቀን ያልነገርሽኝ?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»



ብርቱካን እየላጠች ካርዱን ወደኔ ገፋችው። መሐሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስኪብርቶ የተሰመረ መስመር አለ። ከመስመሩ አጠገብ «አንዱ ለአሥር ተከፈለ» ይላል። «ከዚህ መስመር በላይ ያለውንና በታች ያለውን እንዲሁ አታወዳድሪም። የላይኛውን ለአሥር አካፍዪና ከዚያ አንብቢው» አለችኝ። ላፕቶፔን አመጣሁ። ሺህ አንድ መቶው መቶ አሥር ሆነ፤ ሺህ አራት መቶው መቶ አርባ፤ ሺህ ዘጠኝ መቶው መቶ ዘጠና። ገደሉ ጠፋ! በቦታው እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ መስመር መጣ። የጎደጎደበትን አንድ በአንድ በካርዱ ላይ ፈለግኩ። አንዱ ጋ ወራሾቹ ተጣልተው፤ አንዱ ጋ የተሸጠው ሁለት ብቻ ሆኖ፤ አንዱ ጋ የትርፍ ድርሻ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ። አንድ ቦታ ግን ምክንያቱ ላይ «ኩባንያው ያን ዓመት በእውነት ደከመ፤ ብዙ ካሳ ከፈለ» ይላል። ለራሷ እንኳ አላዳላችም። እኔ ሳምንት ሙሉ ለቃቅሜ ያጣሁትን እሷ በሁለት ካርድ ይዛዋለች። ይህችን ሴትዮ ነው እኔ ጓደኞቼ ፊት ሳሾፍባት የኖርኩት!

«ታዲያ ወደፊትም ይጨምራል ማለት ነው?» አልኳት።

«እኔ ጠንቋይ ነኝ እንዴ? እሱን ካርዱም አያውቅም። የሆነውን በትክክል ካወቅሽ ግን ዛሬ መጥቶ የሚያታልልሽ ሰው ይቸገራል።»

«ይሄን ቀይ መስመር ግን ማን አስተማረሽ? እዚያው ፋብሪካ ነው?»

ብርቱካኗን አስቀመጠች።

«ገና አዲስ ተቆጣጣሪ እያለሁ ነው» አለች። «አንዲት ሸማኔ ነበረች፤ ጎበዝ። በቀን የምታወጣው ሜትር በአንድ ጊዜ ወረደ። ካርዱን አየሁ፣ ያለፈውን ሳምንት አየሁ፣ ይህቺ ሰንፋለች ብዬ ለአለቃዋ ጻፍኩ። የግማሽ ወር ደመወዟን ቆረጧት። እሷ በማግስቱ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበችኝም። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ እጄ ላይ አደረገችና ‹ዓይንሽን ጨፍኚና ንኪው› አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ነካሁት። አንዱ ወፍራም ነው፤ አንዱ እንደ ሻሽ የሳሳ። ማሽኗ ላይ ክሩ ተቀይሮ ቀጭን ገብቶላት ነበር። በቀጭን ክር ያው ማሽን በቀን የሚያወጣው ሜትር ያንሳል። እሷ አልሰነፈችም። እኔ ነኝ በሁለት ዓይነት ክር የተሠራውን እንደ አንድ ቆጥሬ ሰው ያስቀጣሁ። አለቃው ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ፤ ደመወዟን መለሱላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክር በተቀየረ ቁጥር ካርዱ ላይ በቀይ አሰምር ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨርቅ ዓይኔን ሳልጨፍን አልነካሁም።»

«ሴትየዋስ?»

«ጓደኛዬ ሆነቻ። ሌላ ምን ትሆናለች? ከሷ ጋር እህል ውሃ የቀመስኩትን ያህል ከማንም ጋር አልቀመስኩም።» ከዚያ ጣቷን ካርዱ አናት ላይ አሳረፈች። «አንብቢው።»

ያን ሁሉ ዓመት ያን ካርድ ሳየው የላይኛውን መስመር አንብቤው አላውቅም። ቁጥሩን ነው የማየው፤ ላሾፍበት ምክንያቱን ነው የማየው። ከላይ በእቴቴ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ «ሸማኔ» በሚለው ፊት ለፊት የእናቴ ስም ከነአባቷ። ከሥሩ በሌላ ቀለም የኔ ስም። «ተቆጣጣሪ» በሚለው ፊት ለፊት የሷ።

«እናትሽ ስትሞት ፋብሪካው የከፈለው ገንዘብ ነው» አለችኝ። «አሥር አክሲዮን ገዛሁበት። አንቺ ልጅ ስለሆንሽ በስሜ አደረግኩት። በየዓመቱ ከሚከፈለው ትርፍ ግማሹ ትምህርት ቤትሽን ከፈለ፤ በግማሹ ኩባንያው አዲስ ባወጣ ቁጥር እየጨመርኩ ስድሳ አደረስኩት።»

ትምህርት ቤቴን እሷ ከደመወዟ የምትከፍል ነበር የሚመስለኝ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ? አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላሽ ስልክ ትገዢበት ነበር።»

ሳልወድ በግዴ ሳቅኩ። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ከዚያ ያ የደመናው ቀን ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ። «ይሄን ሁሉ ይዘሽ ነው ደረጃ ላይ ተቀምጠሽ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው ያልሽኝ? ከዚህ ላይ ትንሽ ሸጠሽ ብትታከሚ ምን ነበረበት?»

እቴቴ እንደ ነውር ነገር አየችኝ። «የሸማኔን ጨርቅ ቆርጦ መሸጥ የተቆጣጣሪ ሥራ አይደለም» አለች።

በሰው ስቀና የኖርኩ፣ እናት የለኝም ብዬ ስብከነከን የኖርኩ እኔ ነኝ! ለእናቴ ገንዘብ ዘብ ቆማ የገዛ ጉልበቷን የጨረሰች ሴት ቤት ውስጥ አድጌ።

«ጥሩ» አልኳት ተነስቼ። «የኔ ነው ብለሻል አይደል?»

«ያንቺ ነው።»

«የኔ ከሆነ የማዝበት እኔ ነኝ። ግማሹ ይሸጣል። ትታከሚያለሽ። አለቀ!»

ካርዶቹን ሰብስባ ወደ ቆርቆሮው መለሰቻቸው።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ፣ መኪና ኮንትራት ይዤ ዋናው መሥሪያ ቤት ወሰድኳት። መዝገቡ ላይ ስድስት መቶ አለ፤ ወረቀቱ ተቀየረ። ለመሸጥ አልተጣደፍንም። እሷ «የትርፍ ድርሻው ሳይከፈል የሚሸጥ ሞኝ ነው» አለች፤ ጠበቅን። ከተከፈለ በኋላ ደግሞ ትንሽ ቆየን፤ ሦስት ጊዜ ዋጋ ጠየቅን፤ የእያንዳንዱን ሻጭ ምክንያት እኔ ራሴ መስኮት ላይ ቆሜ ጠየቅኩ። «እኛ በምን እናውቃለን?» ሲሉኝ ምን እንዳልኳቸው ታውቃላችሁ። ሦስት መቶውን አንዱን በሁለት መቶ አርባ አምስት ሸጥን፤ የኔን እቁብ ጨምሬበት ጉልበቷ ተሠራ።

አሁን በከዘራ እስከ በሰቃ ትሄዳለች። ጨርቅ ሻጮቹ እንደገና «መጣችልህ» ማለት ጀምረዋል።

ከሆስፒታል በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ካርዱን አምጥታ ፊቴ አኖረችው። «ሽያጩ አልተጻፈም። የሸጥሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ሙዪው» አለችኝ። ቀኑን ጻፍኩ። ሦስት መቶ ብዬ ጻፍኩ። ሁለት መቶ አርባ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ምክንያት የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ ጻፍኩት፤

«ተጣድፈን አይደለም። ለእናቴ ጉልበት ነው።»

ሃያ ምናምን ዓመት እቴቴ ነው የምላት። ካርዱን ሰጠኋት፤ ልክ ስምንተኛ ክፍል እንዳለሁ። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። አወለቀችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና የጻፍኩትን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፏ ዳሰሰችው። እዚህ ጋ ክር ዘሏል እስክትለኝ ጠበቅኩ።

«እስኪብርቶ ስጪኝ» አለች። ከጽሑፌ ሥር «አልፏል» ብላ ጻፈችና ፈረመችበት።